የአርሚራ ትንሹ ወደብ ባዶ ነው ላሉት ክቡር ሥራ አስኪያጅ

አርሚራ፣ ጃንዋሪ 16

ለክቡር አቶ ኤፓሚኖንዳስ ቭራኮፑሎስ
የአርሚራ ወደብ ልማት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲሱ የመንገደኞች ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ (እስከ ዛሬ ሁለት ዓመት ድረስ ካላማሪ የሚባለውን የባሕር እንስሳ እናጠምድበት የነበረ ቦታ)

ግልባጭ፦ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት፣ ለደሴቶቹ ጋዜጣ እና ለማንበብ ጊዜ ላለው ሰው ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሞቀ ቢሮና በረጋ መንፈስ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለክብርት ባለቤትዎ፣ አቴንስ ለቀሩት ልጆችዎ፣ በተለይም ለጉልበትዎ ጤና እንዲሰጥልኝ በጥምቀት ዕለት ሻማ አብርቻለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት እርስዎ ያውቁታል፤ አንባቢም ጥቂት ከታገሠ ይደርስበታል።

ዛምቤታ ስካፊዳ እባላለሁ። ከትንሹ ወደብ ፊት ለፊት ገመድ፣ መንጠቆ፣ መረብና የጀልባ ቀለም የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ከመንገዱ ወዲህ በመሆኑ በእርስዎ ካርታ ላይ በቀይ ቀለም አልተሰረዘም፤ ደንበኞቼ ብቻ ናቸው የተሰረዙት። ለዚህ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

እኔ መርከብ የምጠላ ሰው እንዳልሆንኩ ከወዲሁ ይወቁልኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አዲሱን ወደብ እጃቸውን አውጥተው ከደገፉት መካከል ነበርኩ፤ ዛሬ ቢጠይቁኝም ስለ ትልቁ መርከብ እጄን አላወርድም። ከእንዲህ ያለ መርከብ የሚወርድ ሰው መንጠቆ ባይገዛ ኮፍያ ይገዛል፤ ኮፍያ ማስመጣት ደግሞ ለእኔ አይከብደኝም። ስለዚህ የምጽፍልዎ ባሕር እያየ እንደሚተክዝ ሰው ሆኜ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ደግሞ ባዶ በሆነ መደርደሪያና ለመወልወል ዕቃው በወረደለት መደርደሪያ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል።

የደብዳቤዬ ጉዳይ አንድ ነው፤ እሱም ትንሹ ወደብ ነው። በዕቅድዎ ሁለተኛ ክፍል መሠረት ትንሹ ወደብ በድንጋይና ከባሕሩ ወለል በተጠባ አሸዋ ተሞልቶ የአውቶቡስ ማቆሚያ ይሆናል። የአርሚራ ጀልባዎች ከሰሜን ነፋስ የሚጠለሉት እዚያ ብቻ ነው። በምትኩ የፈቀዱልን የካቫላሪ ባሕረ ሰላጤ እጅግ የሚያምር ቦታ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ለሰሜን ነፋስ አፉን የከፈተ በመሆኑ ማታ እዚያ የታሰረች ጀልባ ጠዋት የምትገኘው ሁለት ቦታ ነው። እንግዲህ ትንሹ ወደብ ከተሞላ ጀልባ የሚባል ነገር አይኖረንም። ጀልባ ከሌለን ደግሞ ወንዶቻችን ትልቁ መርከብ ሲመጣ ቆመው ከማጨብጨብ በቀር ሌላ ሥራ አይኖራቸውም፤ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የተመደበ መሆኑን እስካሁን አልሰማንም።

ይህን ካልኩ በኋላ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ባሕሩ ቀለም።

ከሴፕቴምበር ጀምሮ በፊታችን ቆሞ የባሕሩን ወለል በአንድ በኩል እየጠባ በሌላ በኩል ለሚተፋው ቆፋሪ መርከብ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ድምፁን ለምደነዋል፤ ለጥገና ሲቆም እንዲያውም ከእንቅልፋችን እንነቃለን። ባሕሩ የሰሊጥ ውሃ መስሏል። ይህ ሁኔታ ጊዜያዊ መሆኑን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሁለት ቋንቋ ገልጸውልናል፤ ዓሦቹ ሁለቱንም ማንበብ ባለመቻላቸው ሄደዋል። የምግብ ቤት ባለቤቷ ኤቫንቲያ ባለፈው ሳምንት አንድ እንግዳ ዓሣው ትኩስ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቃት፣ «በጣም ትኩስ ነው የኔ ጌታ፣ ከአውሮፕላን ከወረደ ገና አንድ ሰዓቱ ነው» ብላዋለች። ሐቀኛ ሴት ናት።

ይህን ግን እንችለዋለን። ጭቃ ይረጋል፣ ዓሣም ሊመለስ ይችላል። የማይመለሰው የተሞላ ባሕር ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቆጠራው።

ክቡርነትዎ ከዋና ከተማ የመጡ በመሆንዎ ሊያመልጥዎ የሚችል አንድ ልማድ አለን። ከገና እስከ ጥምቀት፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 6 ባሉት ዐሥራ ሁለት ቀናት፣ ውሃው ያልተጠመቀ ነው። ባልተጠመቀ ውሃ ላይ ደግሞ የአርሚራ ሰው ጀልባ አይተውም። በገና ዋዜማ ሁሉም ሰው ጀልባውን በግንድ ላይ እያንከባለለ ወደ ደረቁ ያወጣል፤ በነዚያ ቀናት ሆዷን ይፍቃል፣ ስንጥቋን ይደፍናል፣ ይቀባል። የጥምቀት ዕለት መስቀሉ ተጥሎ፣ ዋናተኞች ዘለው ከውሃ ካወጡት በኋላ ጀልባው ይመለሳል። እምነት ነው የሚሉ አሉ፤ ያረጀ ወሬ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ከምሸጠው ቀለም አብዛኛውን የምሸጠው በነዚህ ቀናት ስለሆነ ክርክር ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

የእርስዎ አጥኚዎች ትንሹን ወደብ ስንት ጀልባ እንደሚጠቀምበት ለመቁጠር የመጡት ካቻምና በገና ሰሞን ነው። የዕለት ማስታወሻዬን ገልጬ አየሁት፤ «ዲሴምበር 28። ብርድ። ከአቴንስ የመጡ ሁለት ትሑት ወጣቶች፣ ሁለት ጓንት ገዙ። ውሃው ጸጥ ማለቱን አድንቀው ሄዱ» ይላል። በእርግጥም ጸጥ ብሎ ነበር። ጀልባዎቹ በሙሉ ከኋላቸው፣ ከሱቄ ደጃፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሆዳቸውን ገልብጠው ተደርድረዋል። ከወጣቶቹ አንዱ ካሜራውን ደግኖ ባዶውን ውሃ ሲያነሣ ጀርባውን የሰጠው ለጀልባዎቹ ነበር፤ እንዲያውም ከፍ ብሎ ለማንሣት እንዲመቸው የቆመው ከጀልባዎቹ በአንዷ ላይ ነው።

ጀልባዋ የባርባ ስትራቲስ ናት። ባርባ የምንለው ባሕር ላይ ያረጀውን ሁሉ ነው፤ ስትራቲስ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ያረጀው ነው። በዚያች ሰዓት ከጀልባዋ ሥር ተኝቶ ቀለም ይቀባ ነበር። ሁለተኛው ወጣት ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ እዚህ ወደብ ጀልባ አያስገቡም እንዴ?» ሲለው፣ ባርባ ስትራቲስ ቡሩሹን ሳያቆም፣ «አሁን? አሁን የሚያስገባ እብድ ነው!» አለው።

ክቡር ሆይ፤ ይህ ንግግር በጥናትዎ አርባ አንደኛ ገጽ ላይ እንዲህ ሆኖ ሰፍሯል፦ «የቆየው የውሃ ገንዳ አገልግሎት አይሰጥም። የአካባቢው ነባር ነዋሪዎችም ቦታው ለጀልባ አደገኛ መሆኑን አረጋግጠዋል።» ከሥሩ የባዶው ውሃ ፎቶግራፍ አለ። ባርባ ስትራቲስ ሲነበብለት፣ «ነባር ነዋሪ እኔ ነኝ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነህ አልነው። «ታዲያ ስሜን ቢጽፉት ምን ነበረበት፣ እከሳቸው ነበር» አለ።

ስህተቱን በአክብሮት ጽፈን አመለከትን። በደረሰን መልስ ጥናቱ ሳይንሳዊ መሆኑ፣ የእኛ አስተያየት ደግሞ ስሜታዊ መሆኑ፣ ሆኖም ግን በክብር ፋይል ውስጥ መቀመጡ ተገልጾልናል። ስለ ፋይሉ ክብር አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ጃንዋሪ ሦስት።

የመጀመሪያው የሽርሽር መርከብ በክረምቱ እምብርት፣ ያውም ባልተጠመቀው ውሃ ላይ እንዲመጣ ማድረግዎ ወደቡ ዓመቱን ሙሉ እንደሚሠራ ለማሳየት መሆኑን ተረድተናል። በአዲሱ የድንጋይ ግንብ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሪባን ተወጥሮ፣ የማርሽ ባንዱ ቆሞ፣ ከንቲባው በአዲስ ካፖርት፣ እርስዎም በንግግርዎ ታጅበው ይጠባበቁ ነበር። ኤቫንቲያ ስኳር የተነሰነሰበትን የአዲስ ዓመት ብስኩት በትሪ ይዛ እንድትቆም ታዝዛ ነበር። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ነበርና ስኳሩን አንሥቶ በከንቲባው ጥቁር ካፖርት ላይ አራገፈው፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስሉ ነበር።

ከወደቡ አፍ ላይ፣ ከውሃው ሥር የተጋደመ የድንጋይ ጀርባ ነበረን፤ እኛ «ደፉ» እንለው ነበር። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ማዕበል እዚያ ላይ ተሰብሮ፣ ደክሞ ነበር የሚገባው። ትልቁ መርከብ እንዲያልፍ ሲባል ደፉን ቆርጣችሁ አወጣችሁት። በዚያን ዕለት መርከቡ አላለፈም፤ ማዕበሉ ግን አለፈ። ካፒቴኑ አዲሱ ግንብ ላይ የሚፈርጠውን ውሃ በርቀት አይቶ መልሕቁን ውጭ ጣለና መንገደኞቹን በማመላለሻ ጀልባዎች ላከ። ማመላለሻዎቹ ደግሞ ግንቡ ለግዙፍ መርከብ የተሠራ ስለሆነ አናታቸው ላይ ተቆልሎ ቀረባቸው። ዞር ዞር አሉ፤ ረጋ ያለ ውሃና ዝቅ ያለ ደረጃ ፈለጉ፤ በመጨረሻም አገኙ።

ያገኙት ትንሹን ወደብ ነበር፤ አገልግሎት የማይሰጠውን።

ምንጣፉ በአንድ ወገን፣ እንግዶቹ በሌላ ወገን ሆኑ። በመካከሉ ያለው ደግሞ የእርስዎ የሽቦ አጥር ነው። አቋርጠው ለመምጣት በሩ ጋ ሲደርሱ ዘበኛው ያኩሚስ ቆሟል፤ የእህቴ አማች ስለሆነ ንግግሩን ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በዚህ በር መውጣት አይቻልም። መግባት ብቻ ነው።»

«ማን እንደሆንኩ አታውቅም እንዴ አንተ?»

«እንዴታ፣ አውቃለሁ ጌታዬ። ትእዛዙ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

ስለዚህ አዲስ በተሞላው መሬት በኩል ዞረው መጡ፤ መጡ ከማለት ሮጡ ማለት ይሻላል። መሬቱ ገና አልጠነከረም ነበር። በካርታው ላይ አረንጓዴ ሆኖ፣ አግዳሚ ወንበርና የዘንባባ ዛፍ ተስሎበት ያየነው ቦታ መካከል ሲደርሱ እስከ ጉልበትዎ ድረስ ገቡ። ባሕሩ ያንን መሬት ገና ሙሉ በሙሉ እንዳልሰጠዎ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው። ከንቲባው በአንድ ክንድ፣ ጥሩምባ ነፊው በሌላው ክንድ ጎትተው አወጡዎት። አንድ እግር ጫማዎ ግን እስከ ዛሬ እዚያው የልማቱ አካል ሆኖ ይገኛል።

በዚህ መካከል ቡሩሽ የያዙት ዓሣ አጥማጆች መንገደኞቹን በክንዳቸው እየደገፉ በአሮጌው ደረጃ አወጧቸው። ባርባ ስትራቲስ እርስዎ ከጭቃው ወጥተው እንደገና ሲሮጡ አይቶ፣ «ቀስ ይበሉ ጌታው! ባዶ ወደብ የትም አይሄድም!» ብሎ የጮኸው በቅንነት ነውና እንዳይቀየሙት። መንገደኞቹ የተገለበጡትን ጀልባዎች ፎቶ አነሡ፣ ቀለም አሸተቱ፣ ትሪዋን ይዛ ዞራ የመጣችውን ኤቫንቲያን ተከትለው ምግብ ቤቷን ሞሉት። እኔ ስለ ኮፍያው የገመትኩት ልክ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ግን መንጠቆ ገዝቶ አሳፍሮኛል።

ከዚያም እርስዎ በትንሹ ወደብ ደረጃ ላይ፣ በአንድ ጫማ ቆመው፣ «ዛሬ አዲሱ ወደባችን የመጀመሪያዎቹን እንግዶች በክብር ተቀበለ» ብለው ንግግር አደረጉ። ሰው በቆመበት ቦታ ላይ ቆሞ ያ ቦታ የለም ሲል ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። የእኔ ማስታወሻ አጭር ነው፤ «ጃንዋሪ 3። ከደቡብ ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ። ኮፍያ አለቀ። ትንሹ ወደብ ትልቁን አዳነው።»

ይህን ያህል ካየን በኋላ ትንሹ ወደብ የተረፈ መስሎን ነበር። መምሰል የእኛ ጥፋት ነው።

አራተኛ፤ ስለ ድንጋዩ።

በጥምቀት ዕለት አባ ሊናርዶስ መስቀሉን ወረወሩ። ውሃው እንደ አምናው ቢሆን ኖሮ መስቀሉ ወለሉ ላይ ሲያበራ ከላይ ሆነን እናየው ነበር፤ ዘንድሮ ግን ዋናተኞቹ በእጃቸው እየዳበሱ ፈለጉት። ዳቦ ጋጋሪው ፋኑሪስ በመጨረሻ ይዞት ሲወጣ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ስለነበር እናቱ እንኳ በድምፁ ነው የለየችው። ወዲያው ጀልባዎቹ ሁሉ በግንድ ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ውሃቸው ተመለሱ፤ ሳይመሽ ትንሹ ወደብ ጢም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ድንጋይ የጫኑ ከባድ መኪናዎች መጡ። የሥራ መሪያቸው ሳራንዶስ የሚባል ከሌላ ደሴት የመጣ ሰው ነው። ወርዶ ውሃውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና ውሃውን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ቢሮዎ ደወለ። የቆመው ሱቄ በር ላይ ስለነበር የእሱን ወገን ንግግር ሰምቻለሁ፤

«አዎ ጌታዬ፣ ደርሻለሁ… ወረቀቱማ ባዶውን ገንዳ ሙላ ይላል… አይ፣ ባዶ አይደለም… እሺ፣ በጥናቱ ባዶ ነው፣ አልተከራከርኩም። ግን በዚህ ባዶ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት እየላጠ ነው… እኔን? አዎ፣ እያየኝ ነው… ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድንጋይ በሰው ምሳ ላይ አልደፋም።»

ባርባ ስትራቲስ ከታች ሆኖ፣ «ወንድሜ፣ ሽንኩርቱ ይበቃናል፣ ና ውረድ!» አለው። ሳራንዶስ ወርዶ በላ፤ መኪናዎቹም ጭነታቸውን እንደያዙ ተመለሱ። ለዚህ ሰው የሚሰጥ የማዕረግ ሽልማት በድርጅትዎ ውስጥ ካለ እጩ ሆኖ እንዲቀርብልኝ እለምናለሁ፤ ከሥራ አባረውት ከሆነ ደግሞ አድራሻውን ቢልኩልኝ።

አምስተኛ፤ ስለ መጨረሻው ደብዳቤዎ።

ትናንት በሱቄ በር ላይ የተለጠፈውን ማሳሰቢያ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ድርጅትዎ የሕዝብን ድምፅ በመስማት ትንሹን ወደብ ስንት ጀልባ እንደሚጠቀምበት እንደገና ለመቁጠር መወሰኑን ይገልጻል። እጃችንን ለጭብጨባ አነሣን። ቀጥሎ ግን እንዲህ ይላል፦ «የቆጠራው ሥራ በተገቢው ሁኔታ እንዲከናወን፣ ሁሉም ጀልባዎች በዕለቱ ከገንዳው እንዲወጡ እናሳስባለን።»

እጃችን አየር ላይ ቀረ።

ሱቁ ፊት ለፊት ሰው ተሰበሰበ። ፋኑሪስ፣ «አንድ ቀን ነው እኮ። እምቢ ካልን ሕግ ጣሱ ይሉናል፣ እናውጣቸውና እንገላገል» አለ። ኤቫንቲያ፣ «አንተ መስቀል ስታወጣ ጭቃው ጆሮህ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል!» አለችው። ባርባ ስትራቲስ ደግሞ፣ «ሊመረምረኝ የመጣ ሐኪም መጀመሪያ ከቤትህ ውጣ ካለኝ፣ አልጋዬን ነው የሚመረምረው?» አለ። ሲሳቅ ቆየና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ጽሑፍ የምችለው እኔ ነኝ ብለው ያስባሉ። እኔም መልሱን እንድጽፍልዎ ተስማማሁ። መልሱም የሚከተለው ነው።

ጀልባዎቹ አይወጡም። በቆጠራው ዕለትም፣ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አይወጡም። የሚቆጥሩ ከሆነ በውሃ ላይ እንዳሉ ይቁጠሯቸው፤ ለዓሣ የወጡትንም ለመቁጠር ከፈለጉ አጥማጆቹ ከባሕር እስኪመለሱ ይጠብቁ፤ እስከዚያ ኤቫንቲያ አጥኚዎችዎን ታበላለች።

ሌላም የወሰንነው ነገር አለ፤ ይህኛው ግን በሳቅ አልተወሰነም። በዚህ ዓመት ገና ሲመጣ ጀልባዎቹ በውሃ ላይ ይቆያሉ። ዐሥራ ሁለቱን ቀናት በሙሉ፣ ባልተጠመቀው ውሃ ላይ ይቆያሉ። አርሚራ ይህን አድርጋ አታውቅም። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የቀለም ገበያዬን በገዛ እጄ የምዘጋ መሆኑን እያወቅሁ ነው ያመጣሁት። ጀልባዎቹ አንድ ጊዜ ከውሃ ቢወጡ ከካሜራዎ ፊት እንደገና እንደሚጠፉ ግን ገብቶኛል።

ይህን ስናገር አባ ሊናርዶስ ጢማቸውን ይዘው ባሕሩን ያዩ ነበር፤ ፈቀድኩም ከለከልኩም አላሉም። ባርባ ስትራቲስ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «አባቴ ይህን ቢሰማ በመቅዘፊያ ነበር የሚለኝ» አለ። ቀጥሎም፣ «ግን አባዬ ሲኖር ማንም ባሕሩን ሊወስድበት አልመጣም» አለና መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ሆነ።

ክቡር ሆይ፤ ከሰው ሁሉ ፊት ቆመው ስለ ባህላችን ብዙ ጊዜ ተናግረዋል። በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ የዓሣ አጥማጆችን ልማድ የሚያሳይ ሙዚየም እንደሚከፈት ቃል ገብተዋል። እንግዲህ ልማዱን ዛሬ አንድ ሽማግሌ እጁን አውጥቶ ስላስረከበ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡት ነገር በማግኘትዎ እንኳን ደስ አለዎት። ወደቡን ግን አናስረክብም።

ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሥራዎ ያለኝን ያልተቋረጠ መልካም ምኞት እየገለጽኩ፣ ለቆጠራው በፈለጉት ቀን፣ በፈለጉት የአየር ጠባይ፣ ያለ ቀጠሮ ቢመጡ በደስታ የምንቀበልዎ መሆናችንን፣ በር የሚከፍትልዎ ዘበኛም የሌለን መሆኑን በታላቅ ትሕትና አረጋግጣለሁ።

በባዶው ውስጥ ከሚኖሩት አንዷ፣
ዛምቤታ ስካፊዳ
ገመድ፣ መንጠቆ፣ የጀልባ ቀለምና ኮፍያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባ ሊናርዶስ እንዳልረሳ አጥብቀው ያሳሰቡኝ ጉዳይ አለ። አያቶቻችን ሲሉ እንደሰማነው በዐሥራ ሁለቱ ቀናት ከመሬት ሥር ጥቃቅን ጭራቆች ወጥተው በሰው ቤት ይገባሉ፤ የእነሱ ያልሆነውን ይነካካሉ፣ ምግብ ያበላሻሉ፣ ዕቃ ከቦታው ያንቀሳቅሳሉ፣ ደህና የቆመውን ይገለብጣሉ። በጥምቀት ዋዜማ ካህኑ ጠበል ሲረጩ ግን ተያይዘው ወደ መጡበት ይመለሳሉ። አባ ሊናርዶስ ዘንድሮም በየቤቱ ዞረው ረጭተዋል፤ የእርስዎን ቢሮ ሁለት ጊዜ ረጭተውታል። በማግስቱ ጠዋት ሲያልፉ መብራቱ በርቶ፣ ሠራተኞቹም በሙሉ በቦታቸው መሆናቸውን በማየታቸው እጅግ አዝነዋል። ጉድለቱ ከጠበሉ ይሁን ከሌላ እንዲጣራላቸው ለጳጳሱ ጽፈዋል፤ መልስ እንደመጣ አሳውቅዎታለሁ።